ክቡር አደብዛዥና የእናቴ ኩባያ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ለፍቶ የሠራውን የሚሸፍን አንድ ሰው አይጠፋም። በኮምፒውተር የካርቱን ፊልም በምንሠራበት ስቱዲዮ ያሉትን እኛ «ክቡር አደብዛዥ» እንላቸዋለን፤ በዕድሜ እንኳ ከኔ አይበልጡም።

እኔ ከገጸ ባሕርያቱ ኋላ የሚታዩትን ቤቶችና ዕቃዎች እሠራለሁ፤ እሳቸው ብዥ ያደርጓቸዋል። ኮምፒውተር እንደ ካሜራ ሌንስ አይደለም፣ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል አጥርቶ ያሳያል። ክቡርነታቸው ደመወዝ የሚበሉት ይህን ጥራት ለማበላሸት ነው።

አመል ሆኖባቸው፣ የትም ይሁኑ የት አውራ ጣታቸውን ከፊታቸው ቀጥ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ የቱ ጠርቶ የቱ ደብዝዞ መታየት እንዳለበት መለካታቸው ነው። አንድ ቀን አለቃችን ሲቆጣቸው እንዲሁ አደረጉ።

«ምንድነው እሱ?»

«ጌታዬ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ። የግድግዳው ሰዓት ጭንቅላትዎ ላይ በቅሏል።»

ባለፈው ፊልም፣ አንዲት ልጅ ለምታለቅስበት ትዕይንት የእናቴን ማድ ቤት ቁጭ አድርጌ ሠራሁ፤ የድስቱ ክዳን ላይ ያለው ጭረት እንኳ አልቀረኝም። ፊልሙ ሲመረቅ እንደማሳያትም ቃል ገባሁላት። ክቡርነታቸው በአንድ ከሰዓት ድራሹን አጠፉት።

«ምን በደልኩህ? እናቴ እኮ ልታየው ነው!»

«የምታለቅሰው ልጅቷ ናት፤ ድስቱ አይደለም። ዓይን ማረፊያ ይፈልጋል» አሉኝ እንደ ልማዳቸው። ቀጥለው፣ «ለመሆኑ እናትህ ከዚህ ሁሉ ዕቃ የቱን ይወዳሉ?»

«እጀታው የተሰበረውን ኩባያ!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌው ወጣሁ።

የምረቃው ዕለት እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅቷ ማድ ቤቱ ውስጥ ታለቅሳለች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። እማዬ አንገቷን አስግጋ ፈለገች፣ ፈለገች።

«የታለ ቤቴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ዞር ስትል ግን የሷ ፊት ቀስ እያለ ደበዘዘ፣ የኋላው መደርደሪያ ጠራ፤ እጀታው የተሰበረው ኩባያ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ኩባያዬ!» ብላ ጮኸች እማዬ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እጄን እንደጨበጠች ፊልሙ አለቀ።

ክቡርነታቸውን ላመሰግን ስፈልጋቸው በሩ ላይ አገኘኋቸው። ቀድማኝ የወጣችውን እማዬን አቁመው፣ አውራ ጣታቸውን አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ምን ሆነሃል ልጄ?» አለች እማዬ።

«ምንም አልሆንኩ እማማ፤ ከኋላዎ ሰው በዛ።»

እኔም አውራ ጣቴን አንስቼ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሩ ላይ ሰው ይጋፋል፤ ለኔ የታዩኝ ግን እናቴና እሱ ብቻ ነበሩ።