ጥማድ የባትሪ ድንጋይ

በየሰፈሩ ሳይጠሩት ገበያ የሚወጣ አማካሪ አለ። ጫማ ልትገዙ ስትሉ ደርሶ ሶሉን ያጥፋል፤ ጃንጥላ ልትገዙ ስትሉ ዘርግቶ በፀሐይ ያያል። ለእኛ ለፍኖተ ሰላሞች የደረሱን ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለየው ክቡር አቶ ስመኘው ናቸው።

ነገሩ የሆነው ስልኮቻችን ከመደወል ሌላ ሥራ በማያውቁበት ጊዜ ነው። እናቴ እማዋይሽና አባቴ ክንዱ ሽበት ካወጡ በኋላ አብረው ሊቆርቡ ተነሡ። አባቴ ካሜራ ባየ ቁጥር «ጥጃው ተፈታ» ብሎ የሚሮጥ ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው የተነሱት ፎቶ የለም። እናቴ ጠርታ ነገረችኝ።

«ልጄ፣ የዚያን ዕለት ካላነሳኸን ሁለተኛ ካባ ለብሶ አይቆምልኝም።»

ዲጂታል ካሜራዬ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። ቻርጅ የሚደረገውን ልግዛ ብዬ ፀደንያ ሱቅ ስገባ አቶ ስመኘው ከኋላዬ አሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የተደረደረውን ሁሉ በመዳፋቸው መዘኑ፣ አሸተቱ፣ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁ። ትልቅ የአቅም ቁጥር የተጻፈበትን ሳነሳ ጉረኛ ነው ብለው ቀሙኝ። ቤት አንድ ደህና አለኝና አንድ ብቻ ልግዛ ስል ግን የምራቸውን ተቆጡ።

«አቅሙ ያልተካከለ በሬ ትጠምዳለህ እንዴ? አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይለግማል።»

በመጨረሻ የሚተካከሉ ሁለት መርጠው ቦራ እና ዳልቻ የሚል የበሬ ስም አወጡላቸው።

ቻርጅ ማድረጉንም ለእኔ አላመኑኝም፤ ቤታቸው ወስደው ሞሏቸው። ልቀበል ብሄድ ይረፉ እንጂ አሉኝ። በሬ በበዓል አይጠመድማ። ለሚካኤል አረፉ፣ ለማርያም አረፉ፣ ለመድኃኔ ዓለም አረፉ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ተቀምጦም ጉልበቱ እንደሚያልቅ ብነግራቸው፣ በሬ ተኝቶ ሲደክም አይተህ ታውቃለህ ብለው ዘጉኝ።

የቁርባኑ ዕለት፣ ከጅጋ ወዲያ መብራት ባልደረሰበት የትውልድ መንደሬ፣ ወላጆቼ ካባቸውን ደርበው ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። አብረውን የመጡት አቶ ስመኘው እዚያው ያስረከቡኝን ቦራንና ዳልቻን አጉርሼ ካሜራውን ከፈትሁ። ሌንሱ ብቅ አለ፣ አየን፣ ተመልሶ ገባና ጠፋ። አባቴ ደስ ብሎት ሊነሳ ሲል እናቴ ካባውን ጨምድዳ ያዘችው።

አቶ ስመኘው ሬዲዮናቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ያ ሬዲዮ ለቀብር እንኳ ይቀነሳል እንጂ አይዘጋም። ጀርባውን ከፍተው ሁለቱን ቀጫጭን ድንጋዮች አወጡና ሰጡኝ። ከዚያ ቦራንና ዳልቻን ተቀብለው፣ የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ እንደሚደረገው፣ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ ያደርጓቸው ጀመር። ቦራን ነክሰው «ንቃ እንጂ አንተ!» ሲሉት አባቴ አልቻለም፤ ካባው ከትከሻው እስኪንሸራተት ሳቀ። እናቴ ዞር ብላ አየችውና እሷም ሳቀች። ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁት።

ፎቶው ዛሬም ወላጆቼ ቤት ተሰቅሏል። አቶ ስመኘው ለእንግዳው ሁሉ «ድንጋዩን የመረጥሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ላርማቸው አፌን ይበላኝ ነበር። ግን እውነታቸውን ነው፤ የሬዲዮኑንም የመረጡት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ገብቼ ከኋላዬ ካጣኋቸው፣ ዕቃውን አስቀምጬ በር በሩን አያለሁ።