የአሰፋ የሕይወት ታሪክ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ሰው ደግ የሚሆነው ሲሞት ነው። ቦንጋ ውስጥ ይህን ደግነት የማድለው ደግሞ እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ ዓመታት አለፉ። “መምህር፣ እርስዎ የጻፉት ያስለቅሳል” ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ምን ልዋሽ?

ባለፈው ወር፣ ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለችው ማንኪራ የሚኖረው ጓደኛዬ አሰፋ አረፈ። በስተርጅና ዛፍ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል፣ ከመውጣቱ በፊት ንቦቹን “መጣሁ፣ እንዳትቆጡ” የሚል ሰው ነበር። ወንድሙን ዘጠኝ ዓመት አኩርፎታል። ወንድሙ ሲታመም ግን በየሳምንቱ እንጨት ተሸክሞ ደጁ ላይ ይጥልለትና ሳያናግረው ይመለስ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?

እስክሪብቶዬን ይዤ ለቅሶ ቤት ስደርስ፣ ቦንጋ ቢሮ የምትሠራው ልጁ ብርቱካን “አይድከሙ መምህር፣ በስልኬ አስጽፌዋለሁ” አለችኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። የተፈጥሮውን የት ጥለነው ይሆን?

“ስለ አባትሽ ምን ነገርሽው?” አልኳት።

“ስሙንና ዕድሜውን።”

“ሌላስ?”

“ሌላውን እሱ ራሱ ይሞላዋል።”

ሞላው። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተነበበ። “ለቤተሰቡ መከታ፣ ለአካባቢው ዋርካ፣ የተጣላ አስታራቂ…” ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። እኔም ተንሰቀሰቅኩ። አሰፋና ማስታረቅ! ያ ወንድሙ እንኳ ያለቅሳል።

ለቅሶው ጋብ ሲል የአሰፋ ባለቤት እትዬ አበበች ዙሪያቸውን ቃኙ። አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም።

“ይሄ ሰውዬ ማነው?” አሉ። “የኔን ሰው መቼ ነው የምታነቡት?”

ብርቱካን አንገቷን ደፋች። ይሄኔ ወኔዬ መጣ። ማሽን የማይችለውን ላሳይ ነዋ! ቀፎውን፣ ንቦቹን፣ እንጨቱን ልናገር ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

“ወንድማችን አሰፋ ለቤተሰቡ መከታ፣ ለአካባቢው…”

አፌ ውስጥ ሌላ ቃል አልነበረም። ፈለግኩ እኮ! በስንቱ ሬሳ ላይ ያነበብኩት ነው፤ ለካ ስልኩም የተማረው እንደኔ ካሉት ጸሐፊዎች ነው። እሱስ አሰፋን አያውቀውም፤ ምን ይፈረድበታል? እኔ ግን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ።

እትዬ አበበች ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“ይቀመጡ መምህር” አሉኝ በቀስታ። “እርስዎ እንኳ የሚያውቁት መስሎኝ ነበር።”