ባሕሩን የተሸከመችው መርከብ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ተማሪዎች ሳለን ባሕር ያጠናንባት መርከብ ባሕሩን ተሸክማ ትጓዝ ነበር። ውሃው ከላይ፣ እኛ ከታች። ካፒቴን ሁመድ፣ ያ ማዕበል ሲያስመልሰን ይስቅብን የነበረው አፋር፣ የብስ ባየ ቁጥር ያስመልሰዋል።

«መሬቱ አናወጠኝ» አለኝ ሽርጡን እየሰበሰበ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ካየሁት ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ዓሦቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው በመረብ ያጠምዱን ጀመር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስተማሪያችንን ዶክተር አምደማርያምን እኛ ዓሣ እንለካበት በነበረው ጣውላ ላይ አጋደማቸው።

«አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት። ገና ጫጩት ነው፣ ልቀቁት።»

ዶክተሩ አመስግነው ሄዱ። ቀጥሎ የእኔና የትርንጎ ተራ ሆነ። ትርንጎ የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ በፈረቃ የባሕሩን ሙቀት እየለካን በአንድ ደብተር እንጽፍ ነበር። በሕልሜም ያው የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ በጨው ደርቆ ጃርት አስመስሏታል። ያቺ ልጅ እንዴት ናፍቃኝ ኖሯል!

ሽማግሌው ዓሣ ደብተራችንን ገለጠ።

«በማለዳ ባሕሩን ያፈላው ማነው?»

ዝም አልኩ። ያኔም ዝም ብያለሁ፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም። የመርከቧ ደብተር የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ በፈረቃዬ ሁሉ በሐበሻ ሰዓት ስሞላ ከረምኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለማለት «8» ብዬ የጻፍኩት የቀትር ሙቀት የጠዋት ስምንት ሆኖ ተነበበና የአሥራ ሁለት ቀን ሥራ ገደል ገባ። የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈው የሚለይ ፊርማ አልነበረም። ዶክተሩ ሲያፋጥጡን ትርንጎ «እንቅልፍ ተጫጭኖኝ ነበር፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች። ከልቧ ነበር። በማግስቱ ወደብ ላይ አወረዷት፤ ከዚያ ወዲህ መርከብ ረግጣ አታውቅም። እኔ በማዕረግ ተመረቅሁ።

«ጥፋተኛው ካልተገኘ ይህችን ልጅ የብስ ላይ እንጥላታለን» አለ ዓሣው። መሰላል አመጡ። ትርንጎ ቦርሳዋን አነሳች።

«እንዳትወርጂ!» አልኳት።

«ምን ላድርግ? የራሴ ጥፋት ነው።»

እግሯ መሰላሉን ሲነካ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ።

«እኔ ነኝ! ሰዓቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ትርንጎ አይደለችም!»

ዓሦቹ በክንፋቸው አጨበጨቡ። ሽማግሌው ካባ ደረበልኝ። ካፒቴን ሁመድ ከመርከቧ ጫፍ ሆኖ እልልታውን አቀለጠው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። መርከቧ ባሕሩን ከጀርባዋ አወረደች፣ ውሃው ፊቴን መታኝ፣ ነቃሁ።

ነግቷል። ትርንጎ፣ ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር የኖርን ባለቤቴ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትኩር ብላ ታየኛለች።

«ቅዠት ነው» አልኳት።

«ስሜን ስትጠራ ነው የነቃሁት» አለች። «እስቲ ያልከውን ድገመው።»