ጋሼ በኃይሉ የጣሏቸው ፈላጊዎች

ሐዋሳ ውስጥ "አጣሁት" ብሎ ማኪያቶውን በሰላም የሚጠጣ ሰው የለም። በየካፌው "በደንብ አልፈለግህም!" የሚል አንድ ሰው ተሰይሟልና። ያጣኸው ቁልፍ ይሁን፣ የሚከራይ ቤት ይሁን፣ የትዳር ጓደኛ ይሁን፣ ጥፋቱ ያንተው ነው።

የእኛ ካፌ ክቡር ፈላጊ ጋሼ በኃይሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ሲሆኑ መንበራቸው ሶኬቱ ሥር ነው፤ የላፕቶፓቸው ባትሪ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ተማሪውም አስተማሪውም "ጽሑፉን ለማንበብ ክፈል አለኝ" እያለ ሲመጣባቸው፣ "በነፃ አለ! በደንብ አልፈለግህም" ይሉታል። ብዙ ጊዜም ያገኙታል። የሚያበሳጨው ይኸው ነው።

ጡረታ ከማስተማር እንጂ ከመፈተን አላስጣላቸውም። ተማሪ ሲያጡ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የምርምር ጽሑፍ መፈለጊያዎች መፈተን ጀመሩ። በነፃ እንደሚነበቡ አስቀድመው ያረጋገጧቸውን መቶ ጽሑፎች ደብተር ላይ መዝግበው፣ እያንዳንዱ መፈለጊያ ስንቱን እንዳገኘ እያዩ ማርክ ይሰጣሉ። ስምም አውጥተውላቸዋል። "ሆዳሙ" ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል፤ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ግን አያውቅም፤ ስድሳ አንድ። "ቃለ አባዩ" ነፃ ነው ብሎ ጠርቶህ ባዶ ገጽ ላይ ይጥልሃል፤ ሃምሳ አራት። "ጨዋው" የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ችግሩ ብዙም አይናገርም። አርባ። "ጠባዩ ግሩም ነው፣ ይበርታ" የሚል አስተያየት ተጽፎለታል።

ባለፈው ረቡዕ ሩሐማ መጣች። የዓሣ ሀብት የማስተርስ ተማሪ ናት።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ስለ ሐይቃችን የቆሮሶ ዓሣ ዕድሜ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አለ። እሱን ሳታነቢ ዓርብ ፕሮፖዛል አታቀርቢም ብሎኛል አማካሪዬ። ዓርብ ካመለጠኝ ዓመቱን ሙሉ መጠበቄ ነው።"

"እንግዲያው በደንብ አልፈለግሽም" አሉ ጋሼ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ።

ሆዳሙ የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ገጽ አመጣ። ቃለ አባዩ "ነፃ!" ብሎ "ገጹ አልተገኘም" ላይ ጣላቸው። ጨዋው ዝም አለ። የጸሐፊዋ ኢሜይልም ከሞተ ቆይቷል። ሐሙስ ጠዋትም ያው ሆነ።

"ጋሼ፣ በደንብ እየፈለጉ አይመስለኝም" አልኩ እኔ ከጎን።

አስተናጋጇ ፌቨን ሳትቀር ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም። የማኪያቶአቸውን ግማሽ ትተው ተነሡ። ጋሼ በኃይሉ አረፋ እንኳ ትተው አያውቁም! ግማሽ ከጸጸት፣ ግማሽ ወሬ እንዳያመልጠኝ፣ ተከትዬአቸው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። ለካ ቆሮሶ ስትለካ የኖረችን ሴት ቆሮሶ የሚያወጡት ሳያውቋት አይቀሩም ብለው ነው። ዓሣ የሚበልተው ሱሌይማን ስሟን ሲሰማ ቢላውን ሳያስቀምጥ ሳቀ።

"ዶክተር ደስታነሽ? እንዴት እረሳታለሁ መምህር! የዓሣ ጭንቅላት ስጡኝ እያለች ስታሯሩጠን የከረመችው! ከጆሮው ውስጥ ድንጋይ አውጥቼ ዕድሜውን እቆጥራለሁ ስትል አብዳለች ብለን ነበር። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ ይኸው ቁጥሯ።"

ተደወለ።

"ጽሑፉ?" አለች ዶክተሯ። "ከታተመ ጀምሮ እኮ ምርምር ማዕከላችን ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጧል! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ!"

ወዲያው ላከችው። ሩሐማ ሌሊቱን አንብባ ዓርብ አቀረበች።

ቅዳሜ ጋሼ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ደብተሩን ገለጥ አደረግሁ። ጽሑፉ መቶ አንደኛ ሆኖ ገብቷል። ሆዳሙ ዜሮ፣ ቃለ አባዩ ዜሮ፣ ጨዋውም ዜሮ። ከሥራቸው አዲስ ስም አለ፦ "ሱሌይማን። በአንድ ስልክ አገኘ። በጣም ጥሩ።" ከሱ ሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል፦ "በኃይሉ። ወደቀ።"

እስክሪብቶአቸውን አነሣሁና "ወደቀ" የሚለውን ሰርዤ "አለፈ" ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ያጭበረበርኩት ማርክ ይህ ብቻ ነው።

ተመልሰው ደብተሩን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛውን መዳበስ ጀመሩ።

"እስክሪብቶዬን ያየ አለ? አጣሁት።"

"በደንብ አልፈለጉም፣ ጋሼ" አልኩ፣ ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩት።