የእድር ጥሩምባ በቢግ ቢት

ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ አንፎሎ ብታደርጉኝ አልቀየምም!

ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የለቅሶ ድንኳን። በእኔ ጦስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ሞባይል እጠግናለሁ፤ ከስራ ስወጣ ደግሞ አልበም እሰራለሁ። ቢግ ቢት የሚሉት የዳንስ ሙዚቃ ነው። ወፍራም ከበሮ፣ በላዩ ላይ ከየቦታው የተቀዳ ድምፅ። ሳምፕል በሉት። የወፍጮ ቤት ጩኸት አለኝ፣ የባጃጅ ክላክስ አለኝ፣ የመናኸሪያ ረዳቶች "ደምበጫ! ደምበጫ!" ሲሉ አለኝ። ሁሉንም በስልኬ በድብቅ ነው የቀዳሁት።

ለምን በድብቅ? ሰው አላምንማ! ሌባው በዝቷል። እናቴ እንኳ "ምን ትሰራለህ?" ስትለኝ "አፕዴት እያደረግኩ ነው" ብዬ ነው የማልፋት።

የአልበሙ ንጉሥ ግን የእድራችን ለፋፊ፣ የጋሼ ሞላ ጥሩምባ ነው! አንድ ቀን ሰው ሞቶ በሰፈሩ ሲያልፉ በመስኮት ቀዳኋቸው። ጥሩምባዋ ትነፋና "የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወጥተህ ቅበር!" ይላሉ። የሟቹን ስም ቆርጬ አወጣሁት።

ጨዋ ነኛ!

ዛሬ ጠዋት እናቴ ባጃጅ አስጠርታ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ ደምበጫ እህቷን ልትጠይቅ። እኔም ቤቱ ባዶ ነው ብዬ ትልቁን ስፒከር ከፈትኩ። ጥሩምባዋን ከበሮ ሳልጨምር ለብቻዋ አራት አምስት ጊዜ ለቀቅኳት። ከዚያ ሄድፎን አደረግኩና ከምቱ ጋር መታገል ጀመርኩ።

ቀና ስል ግቢው ውስጥ ሰው!

ጎረቤታችን እትዬ የሺ ናቸው። ቆመው መስኮቴን ያያሉ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ ስልክ ይዛለች።

አሃ! አልኩ። አልበሜን ሊቀዱት ነው! ላፕቶፑን አልጋ ስር ወሸቅኩት። (ሳቁ፣ ሳቁ።)

እንደገና በመጋረጃው አጮልቄ ሳይ ሰው ጨምሯል። ወንዶቹ ቋሚ ያወርዳሉ፣ ሸራ ይዘረጋሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል።

ድንኳን? እኛ ቤት?!

ያኔ ጥርጣሬዬ ዞረ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማንም ፊት ለፊት አይነግርህም። ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ፣ ዓይንህን ይሸሻሉ፣ እስክትጠረጥር ይጠብቃሉ። እዚህ ቤት የምንኖረው ደግሞ እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ አለሁ።

ደወልኩላት። ዝግ ነው።

በባዶ እግሬ ወጣሁ።

እትዬ የሺ ሲያዩኝ ደረታቸውን መቱ። "ጠዋት በባጃጅ ሲወስዷት ልቤ ጠርጥሮ ነበር! እሷን የመሰለች ሴት!" ብለው አነቡ። እኔማ መሬት ላይ ተዘረርኩ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ አመንኩ፤ እኔ ስጮህ እነሱ አመኑ። "ለመሆኑ ማን ሞተ?" ያለ አንድ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት መጥቶ እንዲህ ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው!

በዚህ መሃል ባጃጅ ቆመ።

እናቴ ወረደች። ለካ መኪና አጥታ፣ ስልኳም ባትሪ ጨርሶ ከመናኸሪያ ተመልሳ ነው። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ድንኳኑን አየች፣ ሰዉን አየች። እኔ በሰው ተከብቤ ስለወደቅኩ አልታየኋትም።

"ልጄን!" ብላ ጮኸች።

ወገኖቼ፣ ያን ጩኸት አልቀዳሁትም፤ ከጆሮዬ ግን አልወጣም።

"እማ!" ብዬ ተነስቼ ስሮጥ ግማሹ ሰው አማተበ፣ ግማሹ ወደ በሩ ሸሸ። ተቃቅፈን ቀረን።

ይሄኔ ጋሼ ሞላ እያለከለኩ ደረሱ። "እኔ ዛሬ ጥሩምባ በእጄ አልነካሁም! ማነው የነፋው?" አሉ።

ሰው እርስ በእርሱ ተያየ። እትዬ የሺ ድንኳን ተካዮቹን ጠረጠሩ፣ ድንኳን ተካዮቹ እትዬ የሺን። እኔ ራሴ "ማን ይሆን ይሄ ባለጌ?" እያልኩ ግራ ቀኝ አይ ነበር፤ በማርያም እውነቴን ነው!

ከዚያ ገባኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩና በስልኬ አሰማኋቸው። ጥሩምባው ተነፋ፣ የራሳቸው ድምፅ ወጣ፣ ቀጥሎ ድም! ድም! ድም!

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው፣ "ነገ እኔ ስነፋ ሰው 'የእውነቱ ነው ወይስ የልጁ?' እያለ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይቀብረናል ልጄ?" አሉኝ።

እዚያው ፊታቸው ዲሊት አደረግኩት። ባክአፑንም! አልበሜ ንጉሡን አጣ።

ሰዉ ሸራውን እየጠቀለለ ሲወጣ እናቴ እትዬ የሺን ጥግ አስይዛ ታንሾካሽካለች። እኔ ደግሞ ጥርጣሬ አይለቀኝም፤ ሊመክሩብኝ ነው ብዬ ተጠግቼ አዳመጥኩ።

"እስኪ እውነቱን ንገሪኝ የሺ፤ ከልቡ አለቀሰልኝ?"

"ኧረ እንዴት ብሎ! መሬት ለመሬት ነው እኮ የተንከባለለው!"

"በእመብርሃን በይ!"

"በእመብርሃን!"

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። እኔን ስታየኝ ግን ኮስተር ብላ "ሂድ ሱሪህን አራግፍ" አለችኝና ገባች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እናቴ እንደምወዳት ለማወቅ ጎረቤት ማስማል አስፈለጋት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ስር ስንኖር እኔ ምን ስላት ኖሬ ነው?