ባለ አምስት ጫፉ ቻርጀሬ

ስሙኝማ! ይሉኝታ ያለው ሰው ስልክ መያዝ የለበትም። በቃ! ሲፈልግ ሰው ይላክ፣ ሲፈልግ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይጩህ፤ ስልክ ግን አይያዝ። "ምነው ምን አገኘህ?" አትሉኝም? ኧረ በሉኝ! ባትሉኝም እነግራችኋለሁ፤ አንጀቴ አሯል።

አስረኛ ክፍል ላይ የፈተናው ወረቀት "በቃህ" ካለኝ ጀምሮ እዚህ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ በራችን ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ስመርቅ ነው የከረምኩት። ድንጋዪቱ የኔን ቅርጽ ይዛለች። በመጨረሻ የቡ የምትባል ከተማ ላይ ቡና ማጠቢያ ያላቸው አባ ራያ የሚባሉ ሽማግሌ፣ እሸት ቡና ሲረከቡ ሚዛን የሚይዝ ልጅ ይፈልጋሉ ተባለ። በረርኩ! ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

"ቁጥር ታነባለህ?"

"አነባለሁ፣ አባ ራያ።"

"ትዋሻለህ?"

አያችሁ ተንኮሉን? "አልዋሽም" ብል ዋሸሁ፤ "እዋሻለሁ" ብል ሥራው ቀረ።

"እንደ ሰው ነኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! "ቶሌ፣ ደግ ነው! ሐሙስ ጠዋት መኪናው ከጅማ ሲነሳ እደውልልሃለሁ፣ የት እንደሚጭንህ እነግርሃለሁ። የምደውለው ግን አንዴ ነው። ካላነሳህ የመዘገብኩት ሌላ ልጅ አለ፣ ለሱ እደውላለሁ። እሸት ቡና ሰው አይጠብቅም ልጄ፣ ይበላሻል።"

ይኸው ነው። አንድ ስልክ ማንሳት። ከዚህ የቀለለ ፈተና መንግሥትም አውጥቶ አያውቅም!

ችግሩ ስልኬ ነች። ባትሪዋ እንደ አሮጌ በቅሎ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በልታ ግማሽ ቀን አትሄድም። የሰፈራችን መብራት ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ የለም። "ፈረቃ ነው" ይላሉ። ፈረቃ ማለት አንዴ ላንተ፣ አንዴ ለሌላው ማለት አይደል? የኛ ተራ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! የቻርጀሬ ገመድም እንደተሰበረ እግር በፕላስተር ተጠቅልሎ ሲያነክስ ከርሞ ማክሰኞ አረፈ። ስለዚህ ኪሴ ውስጥ የማትጠፋ፣ ቁልፍ ላይ የምትንጠለጠል አጭር ገመድ ልግዛና መብራት ባየሁበት ሁሉ ልሰካ አልኩ። ቁልፍ ግን የለኝም። ምን ያደርግልኛል? ቤታችን ሁሌ እኔ ስላለሁ ተቆልፎ አያውቅም!

ረቡዕ የጅማ መርካቶ ወረድኩ። ጀማል የስልክ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ጀነሬተሩን እያስጮኸ፣ እሱም ከጀነሬተሩ በላይ እየጮኸ ይሸጣል።

"አካም ጀማል? ጠንካራ ገመድ ስጠኝ።"

"ኮቱ፣ ና ወንድሜ! ወላሂ ዛሬ የገባ አለኝ!"

መጀመሪያ ያወጣልኝ ባለ አንድ ጫፍ ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ ኮስታራ ነገር፤ የባንክ ዘበኛ ነው የሚመስለው። ስልኬ ላይ ሲሰካው "ቀጭ!" ብሎ ገባ። ስልኬ ከስንት ቀን በኋላ ፊቷ በራ። ልቤ "ይኼ ነው፣ ክፈልና ሂድ" አለኝ። ልቤን ብሰማው ኖሮ ዛሬ ይሄን አትሰሙም ነበር። ጀማልን "እግረ መንገዴን ትንሽ ልቻርጅ" ብለውስ? እሱም ሼም ነው። ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት።

ጀማል ግን ሻጭ ነው፣ ዝም አይልም። ሌላ አወጣ። ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ ሥር አምስት እግር እንደ ሸረሪት ተንጠልጥሏል።

"ይቺ ለቀጭን ፒን፣ ይቺ ለወፍራም ፒን፣ ይቺ ለታብሌት፣ ይቺ ለሀብታም ስልክ..." አራተኛዋ ላይ ቆመ።

"አምስተኛዋስ?"

ወደ ብርሃን አንስቶ ገለባብጦ አያት። "ይቺ... ገና ላልተሠራ ስልክ ናት።"

"ላልተሠራ?"

"ኢንሻአላህ ይሠራል!"

"ተወው አቦ፣ ባለ አንዱን ስጠኝ" አልኩና እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ ከጀርባዬ አንድ የማውቀው ጉሮሮ ተጠረገ። እትዬ አስካለ! የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ለሬዲዮናቸው ባትሪ ሊገዙ ቆመዋል። ግን እሳቸው ሬዲዮ ምን ያደርግላቸዋል? ሬዲዮው ነው ከሳቸው ዜና መስማት ያለበት!

"ለብቻህ ነው ጌች?" አሉኝ።

"ምኑ እትዬ?"

"ገመዱ ነዋ! ሰፈር ሙሉ ጨለማ ውጦት፣ አንተ ባለ አንዱን ገዝተህ ለብቻህ ልትሰካ? ባለ አምስቱ እያለ? እንዲህ ነው እናትህ ያሳደገችህ?"

ባትሪ ሊገዛ የመጣው፣ ሲም ካርድ ሊያወጣ የመጣው፣ ምንም ሳይፈልግ የቆመው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አሉ። ገመድ እኮ ነው! ማን በላ?!

"ምን አገባዎት አትልም ነበር?" ትሉኛላችሁ። እናንተ እስቲ በሉ! እኛ ዘንድ ድሃ ብትባል ትችለዋለህ፣ ሰነፍ ብትባል ትለምደዋለህ፤ "ለብቻው" ከተባልክ ግን ሰርግም አትጠራ፣ ለቅሶህም ላይ ሰው አይመጣ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ሸረሪቷን አገባሁ።

"ፉዲ፣ ውሰድ!" አለ ጀማል። "አምስቱም በአንዴ ይሠራሉ ወላሂ!"

አልዋሸም። ጥፋቱም አለመዋሸቱ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ተነስቼ መብራት ፍለጋ ወጣሁ። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ያለች አንዲት ሻይ ቤት መብራት አላት። ሶኬቷ አንድ ነው። ሻይ አዘዝኩ፣ በቀጭኗ ፒን ሰካሁ፣ ሞታ ያደረችውን ስልኬን አስነሳሁ። ሁለት ፐርሰንት! ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ አባ ራያ እስኪደውሉ ሻዬን ማማሰል ብቻ ነው።

አንድ ባጃጅ ነጂ ገባ። አራቱን ሥራ ፈት እግሮች አየ።

"ጀለስ፣ ያቺን የሀብታም ስልክ ፒን ጣል አድርግልኝ፣ ሞቼብሃለሁ!"

እሺ። ቀጥሎ ጡረታ የወጡ መምህር፤ "ይቅርታ ልጄ፣ ይቺ ወፍራሟ ባለቤት አላት?"

"የላትም፣ ጋሼ። ይሰኩ።"

ቀጥሎ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? እትዬ አስካለ! ልጃቸው የላከችላቸውን ታብሌት እንደ ሕፃን ታቅፈው። "ይኸው! ብዬህ አልነበር?" ብለው ሰኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ልጅ እያለከለከ ገባ። "ከሸቤ ነው የመጣሁት። ባትሪዬ አብጧል፣ ካልተሰካ አይሠራም። አስቸኳይ ስልክ እጠብቃለሁ፣ በአላህ!"

"እኔም ስልክ ነው የምጠብቀው።"

"አላህ ለሁለታችንም ያቅናልን!"

"አሜን" አልኩ። ልብ በሉ፤ አሜን ብያለሁ!

ስልኩን አወጣ፤ አጎቱ ከሳውዲ የላኩለት ነው። ሰው ሁሉ ለሱ የሚሆን ቻርጀር የለኝም ይለዋል። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያቺን ገና ላልተሠራ ስልክ የተባለችውን ጫፍ ሰጠሁት። ልክ ገባች! እልል ነበር የቀረኝ። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አሉ መምህሩ በደስታ።

ወደ ስልኬ ዞር ስል... አንድ ፐርሰንት። ሁለት አልነበረችም እንዴ? እየተሰካ የሚቀንስ ስልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ ክር የምታክል ገመድ የያዘችውን ለአምስት ስታካፍል ለኔ የደረሰኝ ፍርፋሪ ነው! ታብሌቱ እኮ ለብቻው የድግስ ቤት ያህል ነው የሚበላው!

"ይቅርታ፣" አልኩ እየተንተባተብኩ፣ "ለአምስት ደቂቃ ብቻ የናንተን ነቅዬ የኔን..."

"ምነው ልጄ፣" አሉ መምህሩ፣ "አሁን ገና አራት ፐርሰንት ብገባ!"

"መብራቱ የአባትህ ነው?" አሉ እትዬ አስካለ።

ባጃጅ ነጂው አየኝና ምራቁን ዋጠ። ያ ከስድብ ይብሳል። ቁጭ አልኩ።

ያኔ ስልኬ ጮኸች! "አባ ራያ" ይላል! ዘልዬ አነሳሁ።

"ሄሎ! አባ ራያ! ጌታቸው ነኝ!"

"አዎ ልጄ፣ መኪናው አሁን..."

ጥ... ጭልም። መታኋት። እፍ አልኩባት። በእናቷ ለመንኳት፤ እናት ካላት! ቁጥራቸው ደግሞ ያለው እሷው ሆድ ውስጥ ነው፤ ማን ቁጥር በቃሉ ይይዛል? እኔ አስረኛ ክፍል የወደቅኩት በምን ሆነና!

ብዙም አልቆየ። አጠገቤ፣ በኔው ገመድ፣ በኔው አምስተኛ ጫፍ የተሰካው የሸቤው ልጅ ስልክ ጮኸ።

"አቤት! አቤት አባ ራያ!"

ጆሮዬን ወደሱ አስጠጋሁ።

"አዎ፣ ጅማ ደርሻለሁ... ሚዛን? እችላለሁ እንጂ! የት ልቁም?"

እሱ ሲነሳ ጫፏ ላላች። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሌላው ክንዴን ጨመቀኝ። "ወንድሜ፣ በአላህ ያዝልኝ፣ ከተነቀለ ይጠፋል!"

ያዝኩለት። በሁለት ጣቴ! አፌን ከፍቼ "አባ ራያ፣ እኔ ነኝ!" ልል ስል ቤቱ ሁሉ "ሽሽሽ! ሰው ስልክ እያወራ!" አለኝ። ጣቶቼን ትንሽ፣ የሰሊጥ ፍሬ ታህል ባንቀሳቅሳት እኮ አለቀ! ልጁ ግን በላብ ተጠምቆ "እሺ አባቴ፣ እሺ አባቴ" ይላል፤ እሱም የሱ ድንጋይ ይኖረዋል፣ ሸቤ በር ላይ። አልቻልኩም። ሥራዬ በገመዴ አልፎ ወደሱ ጆሮ እስኪገባ ድረስ፣ እንዳይቋረጥበት ደግፌ ቆምኩ።

"ገለቶሚ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ! ሥራ አገኘሁ!" ብሎ አቀፈኝ። "ያንተስ ተደወለ?"

"ተደወለ" አልኩት።

ሻዬን ከፍሎልኝ ሮጠ። እትዬ አስካለም ዓይናቸውን ከታብሌቱ ሳያነሱ "አየህ? መልካም ሥራ እንዲህ ነው" አሉኝ።

እኔ በልጁ አልተናደድኩም፤ በሰው እንጀራ አልመጣም። በጀማልም፣ በእትዬም... እሺ በእትዬ ትንሽ። ነገሬ ግን ከናንተ ጋር ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው እጃችሁ ላይ ካለ ባለሥልጣኖች ጋር። በየስብሰባው "ወጣቱ ይደራጅ፣ ከተደራጀ ሥራ አለ" እያላችሁ በድምጽ ማጉያ ጆሯችንን ስትበሱ ከረማችሁ። ይኸው ተደራጀን! አምስት ሆነን በአንዲት ሶኬት ተደራጀን፤ ከአምስታችን ሥራ ያገኘው አንድ ነው፣ እሱም በኔ ጣት። የግቤን ወንዝ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ገድባችሁ፣ ያን እንደ ዘንዶ የወፈረ ሽቦ በጣራችን አናት ላይ "እሽሽሽ" እያስባላችሁ ወደ ሩቅ አገር ስትዘረጉት ግን... ለኛ የምትሆን ጫፍ አልቀጠላችሁለትም እንዴ?