ጡት ያልጣለች እናት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ልጄ ምንታምር በአንቀልባ አዝላኝ ስትሄድ አየሁ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። መቱ ከተማ በአስተማሪነት ተቀጥራ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶብስ ልትሄድ ነበር። በሕልሜ ግን ጓዟ እኔ ብቻ ነበርኩ። እግሬ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

«ሚጡዬ፣ እግርሽን ሰብስቢ» አለችኝ።

በመንገዱ እናት የተባለች ሁሉ ታዝላለች። ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌሽዋል የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጀርባ ላይ ሆነው ጣታቸውን ይጠባሉ። ጫጩቶች አንዲት ዶሮ ታቅፈው ተኝተዋል።

ቀበሌ ደረስን። ሠራተኞቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይለምናሉ። «ባለጉዳዩ ሁሉ ነገ ተመለስ እያለኝ ይኸው ሳምንቴ» አለኝ አንዱ፣ እንባውን እየጠረገ። ውስጥ አንድ ጥጃ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እናቱ ላም ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስራ ቆማለች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ጥጃው።

«መሸኛ። ከልጄ ጀርባ ወርጄ ብቻዬን ልኖር።» አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

«ጡት ጥለሻል?»

«ሬት ሁሉ ቀብቼ ነበር፤ እምቢ አለች» አለች ምንታምር።

እውነቷን ነው። እሷን ጡት ሳስጥላት የተቀባሁት ሬት፣ ጉንጬን በማሳርፍበት በአንገቷ ሥር ተለቅልቋል። ላስኩት። መረረኝ። ደግሜ ላስኩት።

«አልደረሰችም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሱ» አለ ጥጃው።

ከበሩ ስንወጣ የልጄ ፀጉር ሸብቷል። ወገቧ ጎብጧል። እኔ በየእርምጃው እከብዳለሁ።

«ምንታምር፣ አውርጂኝ።»

«ብትወድቂስ?»

«ልውደቃ!»

«መኪና ቢገጭሽስ? ውሃው ባይስማማሽስ? ብትታመሚ ማን ያስታምምሻል?»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ መቱ የነገርኳት ነው፣ ቃል በቃል። አንዲቷንም አልዘነጋችም።

ጉልበቷ ከዳት። አጥንቷ ከሥሬ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ኧረ አውርጂኝ፣ ልትሞቺብኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የአንቀልባውን ጠፍር ጨምድጄ የያዝኩት ግን እኔው ነበርኩ።

ባነንኩ። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች። ምንታምር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች።

«አውቶብሱስ?» አልኳት።

«ሄደ። ስሜን እየጠራሽ ስትጮኺ እንዴት ጥዬሽ ልሂድ? ደወልኩና ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው።»

እጇን ወደ ትራሴ ሥር ሰደደች። መታወቂያዋን አወጣች፤ እንዳትሄድብኝ ብዬ ማታ ከቦርሳዋ ወስጄ የደበቅኩትን። ለካ አውቃ ኖሯል። ትንሽ አየችውና መልሳ እዚያው አስቀመጠችው።

«እዚሁ ይሁን፣ እማዬ። ከእንግዲህ ምን ይሠራልኛል?»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ጨርቁን ጨመቀችና እንደገና ግንባሬ ላይ አኖረችው። እንዳትሄድብኝ የተሳልኩት ስለት ሠመረ። አፌ ግን ሬት ሬት አለኝ።